‹አርፏል› ያለችው ልጅ

ሐሙስ ነበር፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ። የፋይናንስ ክፍሉ ሰዎች ጠረጴዛቸው ላይ የተቆለለውን ወረቀት ወደ ጎን ገፋ ገፋ አድርገው ምሳ ዕቃቸውን ገና ከመክፈታቸው ስልኩ ጮኸ።

«በምሳ ሰዓት የሚደውል ሰው ወይ ሆድ የለውም፣ ወይ ባል ነው» አለች ሳቂታ የሚሏት ሴትዮ። የጎረሰችውን ሳትውጥ አነሳችው። «ሃሎ... ማነህ? እ? ምን? አርፌያለሁ? አንተ ሰውዬ፣ ‹ዕረፍት ወጥቻለሁ› በል እንጂ! እኛ ቤት ‹አርፌያለሁ› አይባልም፤ ስንቴ ልንገርህ? እሺ፣ እሺ፣ መዝግቤሃለሁ። ደህና ሁን።»

ስልኩን ስታስቀምጥ ገንዘብ ያዡ ከመስኮቱ ጥግ ሆኖ መሳቅ ጀምሯል። «ንገሪያቸው» አላት። «ለአዲሶቹ ልጆች ንገሪያቸው፤ እነሱ አልሰሙም።»

አዲሶቹ ልጆች ሁለት ናቸው፤ ከአንድ የሙያ ኮሌጅ ለልምምድ የተላኩ የሂሳብ ተማሪዎች። አንዱ ቀጮ የሚባለው ልጅ ነው፤ ቀበቶው ላይ በምስማር ሦስት ተጨማሪ ቀዳዳ የበሳ። ሌላዋ ልጅቷ ናት። ሁለቱንም የምታሠለጥናቸው ሳቂታ ናት። የሠራተኛውን ደመወዝ የምታሰላው እሷ ስለሆነች፣ የቀረም የታመመም ዕረፍት የወጣም ለእሷ ይደውላል።

ሳቂታ ሹካዋን አስቀመጠች፤ እጇን በወረቀት ጠረገች። ታሪክ ልታወራ ስትል ሁልጊዜ መጀመሪያ እጇን ትጠርጋለች።

«ምን መሰላችሁ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ነው። በጠዋቱ ስልክ ይጮኻል፤ አነሳለሁ። አንዲት ሕፃን። ድምጿ እንዲህ ቅጥንጥን ያለ።» ከንፈሯን ሾል አድርጋ የሕፃን ድምፅ አወጣች። «‹አባዬ ዛሬ አርፏል።› እኔ ምን አውቄ! አባቷ ሹፌር ነው፤ ከሌላ ቅርንጫፍ ገና ተዛውሮ የመጣ፣ መልኩን እንኳ የማላውቀው። ‹ጎሽ የኔ ቆንጆ፣ ይረፍ፤ ሹፌር እንቅልፍ ያስፈልገዋል። መቼ ይመለሳል?› አልኳታ!»

«መቼ ይመለሳል!» ገንዘብ ያዡ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም! ዕረፍት ላይ ብዬ ሞላሁት። ዕረፍቱ አለቀ፣ ሰውዬው የለም! በሩ ላይ ፎቶውን ለጠፍንበት። ‹በአስቸኳይ ቀርበው ሪፖርት ያድርጉ› ብለን! እስቲ አስቡት፤ ከየት ተነስቶ ይቅረብ?»

«ልጅቷስ?» አለ ቀጮ። በሳቅ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ልጅቷ ምን አለች?»

«ምን ትላለች? ጆሮዬ ላይ ዘጋችዋ!»

ልጅቷ አልሳቀችም። ሹካዋን ምሳ ዕቃው ውስጥ አስገባች፤ ክዳኑን ገጠመች፤ ተነስታ ወጣች። ማንም ልብ አላላትም። ደረጃው ላይ ስትደርስ የብረት መደገፊያውን ያዘች። 

ያቺን ስልክ የዘጋችው እሷ ነበረች።

ያን ዕለት አባቷ ሊነጋጋ ሲል «ደረቴን» ብሎ ተነሳ። በጎረቤት መኪና ሆስፒታል ደረሱ። ፀሐይ ሳትሞቅ ሁሉም ነገር አለቀ። እናቷ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ደርቃ ቀረች፤ አላለቀሰችም። ብዙ ቆይታ የአባቷን ስልክ ከቦርሳዋ አወጣችና ሰጠቻት። «መሥሪያ ቤቱ ደውዪ» አለቻት። «እንዳይጠብቁት።»

አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ግድግዳ ተደግፋ ቃል መረጠች። «ሞተ» የሚለው አፏ ላይ አልመጣም፤ የሚሞተው ውሻ ነው፣ የሚሞተው ዶሮ ነው። ከጎረቤት ጋር የመጡት ትልልቅ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው «አረፈ፣ አረፈ» ሲባባሉ ሰምታለች። እሷም የትልልቆቹን ቃል ወሰደች። ሳታለቅስ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ ስሙን ከነአባቱ ጠርታ ተናገረች። «አባዬ አርፏል» አለች። «ዛሬ» አላለችም። «ዛሬ»ን የጨመረችው ሳቂታ ናት።

የተለጠፈውን ፎቶ ያየው አጎቷ ነው። የድርጅቱን በር ሊገነጥለው ደርሶ ነበር አሉ። ጮኸ፤ ተሳደበ፤ ለቤተሰቡ የሚገባው ክፍያ ሳይጓደል ተከፈለ። በዚያ በኩል የቀረ ነገር የለም። የቀረው አንድ ቃል ነው። አባቷ ከሥራ የተለየበት ምክንያት በድርጅቱ ዘንድ «ሥራ ጥሎ የጠፋ» ነው። አጎቷ ይስተካከል ሲላቸው «ሲስተም ውስጥ ገብቷል፤ አይወጣም» አሉት። እሱም ደክሞት ተመለሰ። «በቃ፣ ቃል ምን ያደርጋል?» አለ።

ጠፋ። ዕድሜ ልኩን መሪ ላይ የኖረ ሰው፤ አርፎም አርፍዶም የማያውቅ ሰው፤ ለልጁ ትምህርት ቤት በዓል እንኳ አንድ ቀን ፈቃድ ያልጠየቀ ሰው። ጥሎ ጠፋ!

ኮሌጁ የልምምድ ምደባውን ሲለጥፍ ልጅቷ የድርጅቱን ስም አየች። ቀይሩኝ ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ሲስተም የሚሉትን ነገር በዓይኗ ማየት ፈልጋ ነበር። ያንን ቃል ሳታስለውጥ ላትወጣ ለራሷ ማለች፤ ለሌላ ለማንም አልነገረችም።

የከፋው ደግሞ ሳቂታን መውደዷ ነው። ቢሮው ውስጥ ያሉት ሁሉ «ወረቀት አምጪ፣ ወረቀት ውሰጂ፣ ‹ተከፍሏል› የሚለውን ማኅተም ምቺ» ሲሏት፣ ወንበር ስባ ከጎኗ ያስቀመጠቻት ሳቂታ ብቻ ናት። በመጀመሪያው ቀን «እትዬ፣ እርስዎ...» ስትላት፣ «እትዬ ይሁን፤ እርስዎን ግን ለአማቴ ተዪልኝ። አንቺ በዪኝ፣ አታስረጂኝ» አለቻት። የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ስታስተምራት እንዲህ አለቻት፦ «ባንኩ አንድ ነገር ይላል፣ የእኛ ሂሳብ ሌላ ይላል፤ ተጣልተዋል። እኛ ሽማግሌ ነን። ማን ዋሸ ብለሽ አትጀምሪ፤ ማን ምን ሳይሰማ ቀረ ብለሽ ጀምሪ።» ልጅቷ ያን ቀን ወደ ቤት ስትሄድ በመንገዱ ሁሉ በልቧ ስትደግመው ነበር። ነገ፣ ዓርብ፣ ስለ አባቷ ልትነግራትና እንድትረዳት ልትለምናት ወስና ነበር።

ቀጮ ደረጃው ላይ አገኛት። «ምነው፣ ደበረሽ እንዴ? ምሳሽን ጥለሽ?»

ነገረችው። ለማንም ያልነገረችውን ለቀጮ ነገረችው፤ በቁጣ፣ ቃላቱን እየጣለች።

ፊቱ ነጣ። «ወይኔ! እኔ እኮ ስቄያለሁ።»

«አይቼሃለሁ።»

«አላወቅኩማ! ማን ያውቃል? እሷም አታውቅም። በየቀኑ ስምሽን ከነአባትሽ ስትፈርሚ እያየች እንኳ አላወቀችም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ፣ አሁን ላሽ በዪው። የግምገማ ነጥባችን እሷ እጅ ነው። ካለቀ በኋላ ትነግሪያታለሽ።»

«አንተ አባትህ ላይ ሙድ ቢያዝ ላሽ ትል ነበር?»

«የእኔ አባት አያርፍም፤ ሲጨቀጭቅ ነው የሚውለው» አለ፤ ሊያስቃት ብሎ። ወዲያው ምን እንዳለ ገባውና ግንባሩን በጥፊ መታ። እሷ ግን ደረጃውን ወርዳ ሄዳለች።

ማታ እናቷ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ የሰው ሱሪ ታሳጥር ነበር። ልጅቷ ቆማ ሁሉንም ነገረቻት፤ የሕፃኗን ድምፅ፣ ፎቶውን፣ ጠረጴዛ መምታቱን። እናቷ መርፌው ጨርቁን ይዞ እንደቆመ አዳመጠቻት።

«ሳቁ?» አለች።

«‹ሳቁ› አይገልጸውም። እንባቸው እስኪመጣ!»

እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ከዚያ ልጅቷ ያልጠበቀችውን ተናገረች። «አባትሽ ቢሆን በመጀመሪያ የሚስቀው እሱ ነበር።»

«እሱ ይሳቅ! የራሱ ሞት ነው፣ ይሳቅ! እነሱ ምን ቤት ናቸው?»

«አትጩኺ።»

«እጮኻለሁ! አንቺም ዝም አልሽ፣ አጎቴም ዝም አለ፣ ሁላችሁም ዝም አላችሁ፤ እነሱ ደግሞ ቀልድ አደረጉት! አባቴ እኮ ለምሳ ማባያ ሆነ!»

እናቷ ሱሪውን አዙራ ሌላውን እግር መስፋት ቀጠለች። የመኪናው ድምፅ ቤቱን ሞላው። ልጅቷ ሳትበላ ተኛች።

ዓርብ ሳቂታ ወንበር ሳበችላት። ልጅቷ የማስታረቁን ሥራ ያዘች፤ ደመረች፤ አልገጠመም። እንደገና ደመረች፤ ሌላ ቁጥር መጣ።

«ሚጡ» አለች ሳቂታ። «ተናደሽ አትደምሪ። የተናደደ ሰው አንዱን ቁጥር ሁለቴ ይደምራል፤ ሌላውን ይዘለዋል። ማን አናደደሽ? ቀጮ ነው? ቀበቶውን ላጥብቅለት?»

ልጅቷ ቀና አለች። የሳቂታ ፊት ቅርብ ነበር፤ እውነተኛ አሳቢነት የነበረበት ፊት። አሁን ብትነግራት ትሰማታለች። ግን «አባዬ ዛሬ አርፏል» ያለውን ያንን ቅጥንጥን ያለ ድምፅ ያወጣው ይኸው አፍ ነው።

«ምንም አልሆንኩም፣ እትዬ» አለች።

ሰኞ ሁለት ኦዲተሮች መጡ፤ አንድ ሸበቶ ሰውዬና አንዲት ወጣት ሴት። ከእነሱ መምጣት በፊት ቢሮው ተጠርጎ፣ መጋረጃው ታጥቦ፣ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ጨዋ ሆኗል። የፋይናንስ ኃላፊው ራሱ ከክፍሉ ወጥቶ ምሳ አዘዘላቸው። ሲበሉ ዝምታው ከበደና ኃላፊው ሳቂታን ጠራት።

«ያቺን የሹፌሩን ጨዋታሽን ንገሪያቸው እስቲ። እንግዶቻችን ይፍታቱ።»

ቀጮ ከወዲያ ጠረጴዛ ልጅቷን አያት፤ ራሱን ቀስ ብሎ ነቀነቀ፤ ተዪው ማለቱ ነው። ሳቂታ እጇን ጠረገች።

«ምን መሰላችሁ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ነው። በጠዋቱ ስልክ ይጮኻል። አንዲት ሕፃን። ‹አባዬ ዛሬ...›»

«‹ዛሬ› አላለችም» አለች ልጅቷ።

ሁሉም ዞሩ። ሳቂታ ፈገግ እንዳለች ነው። «ምን አልሽ፣ ሚጡ?»

«ልጅቷ ‹ዛሬ› አላለችም። ‹አባዬ አርፏል› ነው ያለችው፤ በቃ።»

«አንቺ ደግሞ የት አባሽ ታውቂያለሽ?» አለች ሳቂታ፤ እየሳቀች፣ እንደ ቀልድ፤ ሰው ሁሉ እንደሚለው።

«ልጅቷ እኔ ነኝ።»

ገንዘብ ያዡ ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር፤ እንደከፈተው ቀረ። ልጅቷ ተነሳች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ሦስት ዓመት ሙሉ በውስጧ የደረደረችው ስለሆነ ቃል አልፈለገችም።

«ሁልጊዜ ጨዋታውን ግማሽ ላይ ነው የሚያቆሙት፤ ቀሪውን እኔ ልጨርስላችሁ። ልጅቷ ስልኩን የዘጋችው ተናዳ አይደለም። ‹መቼ ይመለሳል› ብለው ሲጠይቋት መልሱን ስለማታውቀው እናቷን ልትጠይቅ ሄደች። ሆስፒታል ነበርን። እናቴ ወንበር ላይ ነበረች። ‹እማዬ፣ መቼ ይመለሳል እያሉ ነው› አልኳት። እናቴ እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም ነበር። ያኔ ነው ያለቀሰችው። በቃ፣ ጨዋታው እዚህ ላይ ያልቃል። አሁን ሳቁ።»

ማንም አልሳቀም። ሸበቶው ኦዲተር ሹካውን አስቀመጠ።

የሳቂታ ፊት መጀመሪያ ባዶ ሆነ፤ ከዚያ ቀላ። «እና እኔ ምን ላድርግ?» አለች። ድምጿ ከወትሮው ሁሉ የቀጠነ ነበር። «እኔ ምን ላድርግ? ‹አርፏል› ያልሽኝ አንቺ! ‹ሞተ› ብትዪኝ ኖሮ...»

«አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።»

«እኔስ? እኔስ በዚያ ሰበብ ከሥራ ልባረር አልነበር? የት ወደቅሽ ያለኝ አለ? ሁሉም ሲያፌዝብኝ ከረመ፤ ሲያፌዙብኝ እኔው ራሴ ባወራው ይሻላል ብዬ...» አልጨረሰችውም።

«ያ ፎቶውን የለጠፉት ሹፌር ሰው ነበር» አለች ልጅቷ። «ስም ነበረው። ስሙን እኔ ስፈርም በየቀኑ ያዩታል።»

እርስዎ ስትላት ሳቂታ በጥፊ እንደተመታች ሁሉ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ወጥታ ሄደች፤ ቦርሳዋን እንኳ አልያዘችም።

ኃላፊው ልጅቷን ክፍሉ ያስጠራት ኦዲተሮቹ ከሄዱ በኋላ ነው።

«ተቀመጪ።»

«ቆሜ ይሻለኛል፣ ጋሼ።»

«አባትሽን ነፍስ ይማር» አለ። በዚያ ድርጅት ውስጥ ይህን ያላት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ ያለው ግን የቀረበለት ወረቀት ላይ እንደሚፈርም ሰው በችኮላ ነበር። «ነገር ግን ለሁሉም ጊዜና ቦታ አለው። በእንግዳ ፊት የሥራ ባልደረባን ማዋረድ ተገቢ አይደለም። አንቺ ገና ተለማማጅ ነሽ፤ ነገ ሥራ ትፈልጊያለሽ፤ ስለ አንቺ ይጠይቁናል።»

ኃላፊው ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ።

«እኔ የማስበው እንዲህ ነው። ነገ ጠዋት በሁሉም ፊት ይቅርታ ትጠይቂያታለሽ። ሴትዮዋ ልቧ ተሰብሯል። እኔ ደግሞ ያባትሽን ነገር... ሥራ ጥሎ የጠፋ ነው አይደል የሚለው? ዛሬውኑ አስለውጥልሻለሁ። አንድ ስልክ ነው።»

«አንድ ስልክ ነው?»

«አንድ ስልክ ነው።»

«አጎቴን ሲስተም ውስጥ ገብቷል፣ አይወጣም ብላችሁት ነበር።»

ኃላፊው ትከሻውን ነቀነቀ። «ሲስተምን የሚሠራው ሰው ነው፤ ያኔ የገፋበት ሰው አልነበረም» አለ። «እስከ ነገ አስቢበት።»

ከክፍሉ ስትወጣ ጆሮዋ ውስጥ እንደ ንብ መንጋ ይጮኽ ነበር። ሦስት ዓመት! እናቷ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ በር አጠገብ ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ስትሄድ፣ ነገሩ አንድ ስልክ ነበር። የምትፈልገው ነገር አሁን አጠገቧ ነው። ይቅርታ አንድ ቃል ነው። አንድ ቃል ትሰጣለች፤ አንድ ቃል ይሰጧታል።

መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ከሳቂታ ጋር ተገጣጠሙ። የሳቂታ ዓይን አብጧል። እንዳላየች ልታልፍ ፈለገችና ቆመች።

«ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበር?» አለች፤ ግማሹ ቁጣ፣ ግማሹ ልመና ነው።

«ልነግርዎ ነበር» አለች ልጅቷ። «ዓርብ።»

«እና?»

«ሐሙስ አወሩት።»

ሳቂታ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ከኮሪደሩ ጫፍ ሰው ሲመጣ ሰማችና ገብታ በሩን ዘጋች። ልጅቷ ለአንድ አፍታ በሩን አየችው። ልታዝንላት ዳር ደርሳ ነበር፤ ማዘኗ ራሱ አናደዳት።

ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ለእናቷ የኃላፊውን ሐሳብ ነገረቻት። እናቷ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«ይቅርታ ለየትኛው ጥፋት?»

«ስላዋረድኳት።»

«አዋርደሻታል?»

ልጅቷ አሰበች። «አዎ» አለች። «ግን ቢደገም እደግመዋለሁ።»

«እንዲያ ከሆነ ይቅርታ አይባልማ። ውሸት ይሆናል።» እናቷ በረጅሙ ተነፈሰች። «አንድ ስልክ ነው አለሽ?»

«አንድ ስልክ ነው አለኝ።»

 እናቷ ድንገት የያዘችውን ሱሪ ወለሉ ላይ ወረወረችው። ዕቃ ስትወረውር ልጅቷ አይታ አታውቅም። «አንድ ስልክ!» አለች እናቷ። «ዓይናቸው ይፍሰስ! አንድ ስልክ!» ደጋግማ ተናገረችው፤ እንደ እርግማን። በመጨረሻም ጎንበስ ብላ ሱሪውን አነሳችና አራገፈችው። «የሰው ሱሪ ነው ደግሞ» አለች። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን አጭር ነበር።

ልጅቷ ያን ሌሊት አልተገላበጠችም፤ የምታደርገውን አውቃ ተኛች።

ማክሰኞ ወደ ፋይናንስ ክፍሉ አልወጣችም። ምድር ቤት ወዳለው የሰው ኃይል አስተዳደር ሄደች። ባለጉዳይ የሚስተናገደው በመስኮት ነው፤ ስድስት ሰባት ሰው ተሰልፏል። ከፊቷ አንድ ዘበኛ አለ፤ ከኋላዋ የጽዳት ሠራተኛ። እናቷ ከጎኗ ቆማለች፤ ነጠላ ጫማ አላደረገችም፤ ለሰርግ የምታደርገውን ነው ያደረገችው። ከሆስፒታል የተሰጣቸውን ማስረጃ በላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች።

ቀጮ ሻይ ሊገዛ ሲወርድ አያቸውና ወደ ሰልፉ መጣ። ለእናቷ እጅ ነሳ። «እማማ፣ እንደምን አደሩ።» ከዚያ ልጅቷ ጆሮ አጠገብ ደርሶ፦ «ሁሉም ፎቅ ላይ ተሰብስበው እየጠበቁሽ ነው። ኃላፊውም አለ። ምን ልበላቸው?»

«ሰልፍ ላይ ናት በላቸው።»

«በቃ?»

«በቃ።»

«ነጥብሽን ይጥሉታል።»

«አውቃለሁ።»

ቀጮ ቀበቶውን ከፍ አደረገ፤ እናቷን አየ፤ ልጅቷን አየ። «እኔም ስቄያለሁ እኮ» አለ፤ ይህን ከሐሙስ ጀምሮ እንደ ጠጠር ሲያላምጠው ነበር።  ሻዩን ትቶ ደረጃውን ወጣ።

ዘበኛው ጨረሰ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ቀና ሳይል «ቀጣይ» አለ። ልጅቷ እናቷን በክንዷ ይዛ አንድ እርምጃ ወደፊት ተጠጋች።

አባቷ ከሥራ የተለየበት ምክንያት «በሞት» ተብሎ የተስተካከለው ልምምዷን ጨርሳ ከወጣች በኋላ ነው፤ እናቷ አራት ጊዜ ተመላልሳለች። በግምገማው ላይ «ከባልደረቦች ጋር መግባባት» ከሚለው ፊት ለፊት «ዝቅተኛ» ተብሎ ተሞልቶ መጣ። ኮሌጁ በሌሎቹ ነጥቦች አሳለፋት።